31ኛው ፊደል ላይ ምን አለ?

ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ ስመለስ ጋሼ አንድ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው በእርሳስ እየነኩ ፊደል ሲቆጥሩ አገኘኋቸው። ድምፅ አውጥተው ነው የሚቆጥሩት፣ «ሀያ ስምንት፣ ሀያ ዘጠኝ፣ ሰላሳ...» ከዛ ቆም ብለው ቀና አሉና «ልጄ፣ ባዶ ቦታውም አብሮ ይቆጠራል እንዴ?» አሉኝ። አዎ ይቆጠራል አልኳቸው። እንደገና ከአንድ ጀመሩ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፣ ከ30 አመት በላይ አስተምረዋል፣ አሁን አራት ኪሎ ያለችው ትንሿ ቢሯችን ውስጥ አብረውን የአፕ ጽሁፎችን ወደ አማርኛ ይመልሳሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ኮምፒውተር በደንብ ይጠቀማሉ ግን የሆነ ነገር ሲጠናባቸው ፕሪንት አርገው በወረቀት ማየት ይወዳሉ። የዛን ቀን የጠናባቸው ደሞ እኛው ቢሮ ውስጥ የተሰራው የሲንታክስ (የአጻጻፍ ህግ) መፈተሻ ያወጣው ኤረር ነው። ኤረሩ የሚለው ይሄን ብቻ ነው፦ መስመር 1፣ ኮለም 31፣ ሲንታክስ ኤረር። ኮለም ማለት መስመሩ ውስጥ ስንተኛው ቦታ ላይ እንደሆነ ነው።

ጽሁፉ ደሞ ይሄ፦

እንኳን ደህና መጡ {ስም፣ ዛሬ አንድ አዲስ መልእክት ደርሶዎታል

ፕሌስሆልደሮቹን በአማርኛ ነው የሰየምናቸው፣ «ስም» ያለበት ቦታ ላይ የተጠቃሚው ስም ይገባል። ኮድ የለመደ ሰው ወዲያው ያየዋል፣ ቅንፉ ተከፍቶ አልተዘጋም፣ መዝጊያው ጠፍቷል፣ አለቀ። ጋሼ ግን መፈተሻውን አመኑት፣ ማመናቸውም ትክክል ነው፣ 31 ካለ 31 ነው ብለው ቆጠሩ። እስቲ እናንተም ቁጠሩት፣ ባዶ ቦታውን ጨምራችሁ። 31ኛው «መልእክት» የሚለው ቃል ውስጥ ያለችው «እ» ናት።

ከዛ ምን አረጉ መሰላችሁ፣ ማሽኑ «እ» ላይ ስህተት አለ ካለ በቃ አይኑን «ዕ» ፈልጎ ነው አሉና ቃሉን «መልዕክት» ብለው ቀየሩት። ድጋሚ ቼክ ሲያረጉት ያው ኤረር። መለሱት። ወረቀቱ ላይ ቃሉ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። «ግሱ ለአከ ነው፣ በአልፋው አ ነው የሚጻፈው፣ ይሄን ስንት ልጅ አስተምሬዋለሁ፣ ዛሬ ግን ራሴን ተጠራጠርኩ» አሉኝ። እውነት ለመናገር ይሄን ሲሉኝ በጣም ነው የከበደኝ። 30 አመት ሙሉ በትክክል የሚያውቁትን ነገር አንድ የተሳሳተ ቁጥር አስጠረጠራቸው። ስለዚ ዛሬ ስለዚሁ ልጻፍ ብዬ ነው፣ የትርጉም ፋይል የሚፈትሹ ቱሎች ስህተቱ ያለበትን ቦታ እንዴት ነው ማሳየት ያለባቸው የሚለውን፣ በተለይ ጽሁፉ በኛ ፊደል ሲሆን።

መጀመሪያ 31 ከየት መጣ የሚለውን እንጨርስ። መፈተሻው የቆጠረው ፊደል ሳይሆን ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ነው። በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ፊደሎች ኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጡበት አንዱ መንገድ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው፣ የኛ ፊደሎች ግን እያንዳንዳቸው 3 ባይት ናቸው። ከቅንፏ በፊት ያሉትን ቁጠሩ፣ «እንኳን ደህና መጡ» 9 ፊደል ነው፣ 9 ሲባዛ በ3 ያው 27፣ ሶስቱ ባዶ ቦታዎች አንድ አንድ ባይት ናቸው፣ ሲደመር 30። ስለዚ ቅንፏ 31ኛው ባይት ላይ ናት። በሰው አቆጣጠር ደሞ 13ኛዋ ናት። ማለትም ፓርሰሩ (መፈተሻው ውስጥ ጽሁፉን የሚያነበው ክፍል) ስህተቱን ያገኘው ልክ ቦታው ላይ ነው፣ አልተሳሳተም፣ ያገኘውን ለሰው ሲናገር ግን በራሱ መስፈሪያ ነገረንና እኛ በሌላ መስፈሪያ ሰፈርነው።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝ ነገር ቱሉን የሚሰራው ሰው በእንግሊዝኛ ቴስት ካረገው ይሄን ችግር በፍፁም አያየውም። በእንግሊዝኛ ባይቱም ፊደሉም አይን የሚያየውም አንድ ቁጥር ነው። ፋይሉ ወደ አማርኛ ወይ ወደ ትግርኛ ሲገባ ነው የሚለያየው፣ ያኔ ደሞ ኤረሩን የሚያነበው ቱሉን የሰራው ሰው አይደለም፣ ተርጓሚው ነው።

ሶስተኛ አቆጣጠርም አለ። ኤዲተሮች ከቱሎች ጋር የሚነጋገሩበት ላንጉጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል የሚባለው ነገር ቦታን የሚቆጥረው ዩቲኤፍ-16 በሚባለው ሌላ የፊደል አቀማመጥ ዩኒት ነው፣ በ2022 የወጣው 3.17 ላይ ነው ኤዲተሩና ሰርቨሩ በሌላ አቆጣጠር መስማማት የቻሉት፣ ዲፎልቱ (ሌላ ካልተባለ የሚሰራበት) ግን አሁንም ዩቲኤፍ-16 ነው። ለአማርኛ ይሄ ብዙ አይጎዳም፣ ፊደሎቻችን በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደሎች ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ) 3.0 ላይ ሲገቡ ታችኛው ክልል ውስጥ ስለተቀመጡ በዩቲኤፍ-16 አንድ ፊደል አንድ ዩኒት ነው። በ2021 ዩኒኮድ 14 ላይ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የተጨመሩት ፊደሎች ግን ላይኛው ክልል ውስጥ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በዩቲኤፍ-16 ሁለት ዩኒት በዩቲኤፍ-8 ደሞ 4 ባይት ይይዛሉ። ስለዚ ለአማርኛ ሰራ ማለት ለጉራጊኛ ይሰራል ማለት አይደለም፣ በነዛ ፊደሎች የሚጽፍ ተርጓሚ ሲመጣ ቁጥሩ እንደገና ይዛነፋል። የፕሮግራሚንግ አለሙም ቢሆን ይሄን ያስተካከለው በቅርቡ ነው፣ ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ፕሮግራም የሚቀይር ቱል) ኮለምን በባይት መቁጠር ትቶ አይን በሚያየው ስፋት መቁጠርን ዲፎልት ያረገው 11ኛው ቨርዥን ላይ ነው፣ እሱም 2021 ነው።

እሺ ቁጥሩን አስተካከልን እንበል፣ 31 የነበረው 13 ሆነ። ለጋሼ ምን ይጠቅማል? አሁንም በእርሳስ 13 ድረስ መቁጠር ነው። ረጅም አንቀፅ ሲሆን ደሞ 140 ድረስ። ተርጓሚ ኮለም ነምበር የሚያሳይ ኤዲተር የለውም፣ ብዙዎቹ ዌብ ላይ ሳጥን ውስጥ ነው የሚጽፉት፣ ወይ ኤክሴል ላይ፣ አንዳንዴም ቴሌግራም ላይ ጽፈው ነው የሚልኩልን።

ብዙ ቱሎች የሚያረጉት መስመሩን ያወጡና ከስሩ ^ ምልክት ያስቀምጣሉ፣ ወደ ላይ የሚጠቁም ቀስት። ሀሳቡ ደስ ይላል፣ ግን ለኛ ፊደል አይሰራም። ምልክቱን የሚያስቀምጡት ባዶ ቦታ እየቆጠሩ ነው፣ ይሄ የሚሰራው ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት ሲኖረው ብቻ ነው። የኛ ፊደል ግን ብዙ ጊዜ ተርሚናሉ (ኤረሩ የሚወጣበት የጽሁፍ መስኮት) ራሱ ከመረጠው ፎንት ሳይሆን ከሌላ ፎንት ተበድሮ ነው የሚታየው፣ ደሞ «ሐ»ና «ጠ» ሰፊ ናቸው፣ «ነ»ና «ተ» ጠባብ፣ ስለዚ መስመሩ በረዘመ ቁጥር ቀስቷ እየሸሸች ትሄዳለች። 20 ፊደል ላይ ስትደርስ ሌላ ቃል ላይ ናት። ጋሼን አሁንም ንፁህ ፊደል ላይ ነው የምትጥላቸው፣ ያውም በምልክት ስለሆነ ከቁጥሩም በላይ ነው የሚያምኗት።

ይሄን ሁሉ ሳስብ የገረመኝ መፍትሄው ድሮም እዚሁ ሰፈር የነበረ መሆኑ ነው። ከቢሯችን ብዙ ሳይርቅ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አለ፣ ከ1914 ዓ.ም ጀምሮ የኖረ ቤት። የማተሚያ ቤት አራሚ ስህተት ሲያገኝ «13ኛው ፊደል» ብሎ አይጽፍም፣ እዛው ፊደሉ ላይ ነው ምልክት የሚያረገው፣ ከዛ ጠርዙ ላይ ምን መሆን እንዳለበት ይጽፋል። ጋሼም የተማሪ ደብተር ሲያርሙ እንደዛው ነበር የሚያረጉት፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ፊደሏን ይከቧታል። ተማሪው ደብተሩን ሲቀበል ምንም አይቆጥርም፣ ክቧን ያያል።

ሌሎች ቱሎችንም ከዚህ አንፃር አየኋቸው። ጌትቴክስት ያው የአፕ ትርጉም የሚሰራ ሁሉ የሚያውቀው ቱል ነው፣ ፒኦ የሚባሉትን የትርጉም ፋይሎች የሚፈትሽ። እሱ የሚሰጠው ለመልእክቱ በሙሉ አንድ የመስመር ቁጥር ነው። ትርጉሙ 6 መስመር ላይ ተከፋፍሎ ቢጻፍ ስህተቱ ስድስተኛው መስመር ላይ ቢሆንም የምታገኘው ያችኑ አንድ ቁጥር ነው። ከዛ በተጨማሪ ስንተኛው ፕሌስሆልደር እንደሆነ ይነግርሃል፣ ይሄ መጥፎ አይደለም። ግን አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የፕሌስሆልደር አጻጻፉ የፐርሰንት ምልክት፣ ከዛ ስሙ በቅንፍ፣ መጨረሻ ላይ ኤስ የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። አንዷ ተርጓሚያችን ኤስዋን የእንግሊዝኛ የብዙ ቁጥር ምልክት መሰለቻትና አጠፋቻት፣ በቦታው የአማርኛዋን «ን» ቀጠለች፣ «ፋይሉን» ለማለት። ሰዋስዉን ካያችሁት ትክክል ነች! እኛ ጋ ያለው ቨርዥን ያወጣው ኤረር በአማርኛ ሲባል «ቁጥር 1 ፕሌስሆልደርን የሚዘጋው ካራክተር ትክክለኛ አይደለም» የሚል ነው። የትኛው ካራክተር? አይልም። የገባችው ፊደል የላቲን ብትሆን ኖሮ ፊደሏን ጠቅሶ ይነግራት ነበር፣ «ን» ግን ከአስኪ (ከመሰረታዊዎቹ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክቶች ዝርዝር) ውጪ ስለሆነች ዝም ብሎ ያልፋታል። ስህተቱን የፈጠረችው ፊደል ራሷ እዛው እያለች፣ ስሟን ብቻ ቢጠራላት በ5 ሰከንድ የሚስተካከል ነገር ነበር፣ ግማሽ ቀን ፈጀባት።

አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ (ፕሮግራመሮች የየቋንቋውን ጽሁፍ ለመያዝ የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) በዚህ በኩል የተሻለ አስቧል፣ ሲ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ያለው የኤረር ስትራክቸር መስመርና ቦታ ብቻ ሳይሆን ከስህተቱ በፊትና ከስህተቱ በኋላ ያለውን የጽሁፍ ቁራጭም አብሮ የሚይዝበት ቦታ አለው፣ ለያንዳንዱ 16 ዩኒት። ይሄ ማለት ቱሉን የሚሰራው ሰው ከፈለገ ለተርጓሚው ጽሁፉን ራሱን ማሳየት ይችላል። ብዙው ሰው ግን ቁጥሩን ብቻ ወስዶ ቁራጩን ይጥለዋል። እባካችሁ አትጣሉት።

ቁራጭ ስትቆርጡ ደሞ ባይት ቆጥራችሁ አትቁረጡ። 3 ባይት የሆነ ፊደል መሀሉ ላይ ከተቆረጠ ያቺ የጥያቄ ምልክት ያለባት ጥቁር አልማዝ ናት የምትመጣው፣ ተርጓሚው ደሞ «ፋይሌ ተበላሸ» ብሎ ይደነግጣል።

የጄሰን (ብዙ አፖች ጽሁፋቸውን የሚያስቀምጡበት የፋይል አይነት) ነገር ሌላ ጣጣ ነው። ፓይተን ጄሰን ሲጽፍ ካልተነገረው በቀር የኛን ፊደል እያንዳንዱን ወደ 6 ካራክተር ኮድ ይቀይራል፣ «ሰላም» የሚለው 3 ፊደል ፋይሉ ውስጥ 18 ካራክተር ይሆናል። መፈተሻው ግን የሚያየው ኮዱ ወደ ፊደል ከተፈታ በኋላ ያለውን ጽሁፍ ነው። ስለዚ «ቦታ 13» ሲል በተፈታው ጽሁፍ ነው፣ ፋይሉን ከፍተህ 13ኛ ላይ ብትሄድ ሶስተኛው ፊደል ኮድ ላይ ነው የምታርፈው። ሁለቱን ቦታዎች አያይዞ መያዝ የግድ ነው፣ የተፈታው ፊደል ከፋይሉ የትኛው ላይ እንደመጣ። ስራው አሰልቺ ነው፣ እኔ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ግን ሌላ መንገድ አላገኘሁለትም።

ደሞ ስህተቱ የታወቀበት ቦታና ስህተቱ የተሰራበት ቦታ የሚለያዩበት አለ። ያልተዘጋ ቅንፍን አንዳንድ ፓርሰር መልእክቱ እስኪያልቅ ድረስ አያውቀውም፣ ስለዚ «መጨረሻው ላይ ስህተት አለ» ይላል፣ መጨረሻው ላይ ግን ምንም የለም፣ አራት ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ረስት የሚባለው ቋንቋ ኮምፓይለር ይሄን በደንብ ይዞታል፣ የተከፈተበትንም ያስተዋለበትንም ሁለቱንም ነው የሚያሳየው። ለትርጉም ቱልም እንደዛ ነው መሆን ያለበት፣ አንዱን ብቻ መምረጥ ካለብኝ ግን የተከፈተበትን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ሰውየው እጁን የሚያስገባው እዛ ነው።

ጭራሽ የሌለ ነገርስ? የብዙ ቁጥር መልእክት ላይ ዋንና አዘር የሚባሉ ቅርንጫፎች አሉ፣ አንዱ ለነጠላ ሌላው ለቀረው ቁጥር፣ አዘር የግድ ነው። ተርጓሚ ይሄን ቁልፍ ቃል ወደ «ሌላ» ከተረጎመው አዘር ጠፋ ማለት ነው፣ ቱሉ «አዘር የለም» ይላል፣ የሌለ ነገር ደሞ ቦታ የለውም። ከሲኤልዲአር (የዩኒኮድ የቋንቋዎች መረጃ ስብስብ) 47 ጋር በመጋቢት 2025 የፀናው ሜሴጅ ፎርማት 2፣ ማለትም እንደዚህ አይነት መልእክቶች የሚጻፉበት አዲሱ ስታንዳርድ፣ የሲንታክስ ስህተትን ከእንደዚህ አይነቱ ስህተት ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው፣ ጥሩ ነው። ያም ሆኖ ግን ለሰው የሆነ ቦታ ማሳየት አለብህ። እኛ አሁን የምናሳየው «ሌላ» የተባለችውን ቃል ራሷን ነው፣ «ይሄ ቃል አይተረጎምም፣ እንደነበረ ይቀመጥ» ብለን። የመጣው ከዛ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። እንደዚሁ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ነጠላ ሰረዝ የሚገባበት አለ፣ ፓርሰሩ የእንግሊዝኛዋን ኮማ እየጠበቀ የኛ «፣» ትመጣበታለች። ለአይን ሁለቱም ኮማ ናቸው፣ ስለዚ ቦታውን ብቻ ማሳየት አይበቃም፣ «ይቺ የአማርኛ ነጠላ ሰረዝ ናት፣ እዚህ የእንግሊዝኛዋ ነው የሚያስፈልገው» ብሎ መናገር ይገባል።

ፍሉየንት ከሚባለው የሞዚላ የትርጉም ሲስተም አንድ ነገር ወስደናል። በ2019 ነው 1.0 የወጣው፣ ፓርሰሩ የተበላሸ መልእክት ሲያገኝ ጀንክ (ቆሻሻ) ብሎ ለብቻው ያስቀምጠውና ወደሚቀጥለው መልእክት ያልፋል። የኛ መፈተሻ የመጀመሪያው ስህተት ላይ ነበር የሚቆመው፣ ተርጓሚው አንዱን አስተካክሎ ድጋሚ ሲልክ ሌላ ይመጣበታል፣ እንደዛ እያለ ቀኑ ያልቃል። አሁን ሁሉንም በአንዴ ያወጣል።

እና አሁን የጋሼ መልእክት ላይ የሚወጣው ይሄን ይመስላል፦

መልእክት፦ የመግቢያ ሰላምታ
እንኳን ደህና መጡ ►{◄ስም፣ ዛሬ አንድ አዲስ...
ይሄ ቅንፍ ተከፍቶ አልተዘጋም። ከ«ስም» በኋላ መዝጊያ } ይጨመር።

ምልክቱ ከስር ሳይሆን እዛው ጽሁፉ ውስጥ ነው፣ ፎንቱ ምንም ቢሆን አይሸሽም፣ ኮፒ አርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ብትልኩትም ቦታውን አይለቅም። ከስሩ የእንግሊዝኛው ኦሪጅናል አብሮ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ብቻ ይበቃል። ቁጥሮቹን አላጠፋናቸውም፣ መስመርም ኮለምም ባይትም መጨረሻ ላይ በትንሹ አሉ፣ ፕሮግራመሩ ይፈልጋቸዋል፣ ግን እያንዳንዱ ቁጥር የምን ቁጥር እንደሆነ አጠገቡ ተጽፏል።

መጀመሪያ የጻፍኩት ማብራሪያ «ያልተጠበቀ የመልእክት ፍጻሜ» የሚል ነበር። ጋሼ አዩትና «ይሄ ምን ማለት ነው ልጄ? ማነው የጠበቀው?» አሉኝ፣ ከዛ ያን እርሳሳቸውን አንስተው ሰረዙትና «ቅንፍ ተከፍቶ አልተዘጋም» ብለው ጻፉልኝ። እሱ ነው አሁን ቱሉ ውስጥ ያለው። ሌሎቹንም 40 ምናምን የሚሆኑ የኤረር ማብራሪያዎች ፕሪንት አርጌ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ሀሙስ እለት ግማሹን በቀይ አርመው መልሰውልኛል፣ «መልእክት» የሚለውን ያየሁት ቦታ ሁሉ በአልፋው «እ» ነው።